ለትዳር ፈላጊዎች ቻናል ማስታወቂያ ከመጻፋችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ቴሌግራም ላይ ባሉት የትዳር አጋር ፈላጊ ቻናሎች ማስታወቂያ ለማውጣት ላሰባችሁ ነው፤ በተለይ እንደ እኔ ፈትታችሁ፣ ልጅ ይዛችሁ፣ «ከእንግዲህ ማን ያየኛል» ለምትሉ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ሥራዬ አዋላጅ ነርስነት ነው። ባለቤቴን ያገኘሁት በማስታወቂያ ነው፤ ከእሱ በፊት በወጣው ማስታወቂያ ግን ለወራት እንቅልፍ ያሳጣኝ ነገር ደርሶብኛል። ከተማው ያው፣ ሴትዮዋም ያችው ናት። የተለየው አጻጻፉ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስለ አጻጻፉ በደንብ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የወጣው በ2015 መጀመሪያ ነው። የቻናሉ አድሚን ቅጽ ላከልኝና ሞልቼ መለስኩለት። እንዲህ ይል ነበር፦

«ጾታ ሴት። ዕድሜ 33። ቁመት 1.62። መልክ ጠይም። ሃይማኖት ኦርቶዶክስ። ሥራ የመንግሥት። አድራሻ ባሕር ዳር። ጸባይ፦ ትሁት፣ ግልጽ፣ ቁም ነገረኛ። የምፈልገው፦ ፈጣሪውን የሚፈራ፣ የተማረ፣ ሱስ የሌለበት፣ ቁመቱ ከ1.75 በላይ፣ የራሱ ገቢ ያለው፣ ውሸት የማይወድ። ለቀልድ የምትፈልጉ እንዳትደርሱብኝ።»

ልጅ እንዳለኝ ልጽፍ ስል አድሚኑ «እሱን ከጻፍሽ ማንም አይጽፍልሽም፤ ስትግባቡ ትነግሪዋለሽ» አለኝ። ልምድ ያለው ሰው ስለመሰለኝ ተውኩት።

ያን ማታ ኢንቦክሴ ሞላ። «ሰላም ነሽ»፣ «ፎቶ ላኪ»፣ «የት ሰፈር ነሽ»። የጻፍኩትን ጠቅሶ አንድ ነገር ያለኝ ሰው አልነበረም። ሰዎቹን አማሁ እንጂ ማስታወቂያው ራሱ ለመልስ የሚሆን ምን ነበረው? ትሁት ነኝ ላለች ሴት ምን ተብሎ ይጻፋል? በዚያው ቀን ከእኔ በላይና ከእኔ በታች የወጡት እህቶችም ትሁት፣ ግልጽና ቁም ነገረኛ ነበሩ።

ደህና የሚያወሩ አልጠፉም። ግን ከአንዱ ጋር ተግባብተን፣ መሳቅ መጫወት ስንጀምር ስለ ልጄ እነግረዋለሁ፤ በማግስቱ የለም። ልጄን እንደ ጥፋት ሸሽጎ ቆይቶ እንደ ኑዛዜ መናገር ምን ያህል እንደሚያሳምም የደረሰበት ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ንግግር በኋላ ተኝታ ሳያት እንባዬ መጣ። እሷ ምን በደለች?

ከዚያ ሁሉ የከፋው ግን ያልጠፋው ሰው ነው። አዲስ አበባ የሚሠራ ኢንጂነር ነኝ ይል ነበር። ስለ ልጄ ስነግረው «ልጅ በረከት ነው» አለኝ፤ ልቤን ሙሉ በሙሉ ሰጠሁት። የሚደውለው ሁልጊዜ በሥራ ሰዓት ነው። ማታ ስልኩ ዝግ፤ እሁድ ደግሞ ኔትወርክ የሌለበት ሳይት ላይ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ በእሱ ቁጥር ተደወለልኝና የሴት ድምፅ ሰማሁ። «እህቴ» አለችኝ፣ «የልጆቼ አባት ነው። አንቺም ሳታውቂ ነው ብዬ ነው የደወልኩት።» አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ለምን አስቀድሜ አልጠየቅኩትም? የራሴን ነገር ሸሽጌ ስለጀመርኩ የሰውን ለመጠየቅ አፈርኩ። ይህን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። እህቶቼ፣ ወንድሞቼም፣ በግልጽ የተጻፈ ማስታወቂያ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፦ የራሳችሁን ቀድማችሁ ስላስቀመጣችሁ የእሱን ሳታፍሩ ትጠይቃላችሁ።

ከዚያ በኋላ ቻናሎቹን ሁሉ ለቅቄ ወጣሁ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፤ እዚህ ክልላችን የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ከተማው በጊዜ ይዘጋል፤ የሰው ሐሳብ ሁሉ በሰላም መግባትና መውጣት ላይ ነበር። ስለ ትዳር ማሰብ ራሱ ቅንጦት መስሎ ታየኝ።

ነገሩን የቀየረችው አብራኝ የምትሠራ ትልቅ ሲስተር ናት። አንድ ሌሊት ማዋለጃ ክፍል ተረኞች ሆነን፣ የገባችው እናት በሰላም ተገላግላ፣ ሻይ ይዘን ቁጭ ስንል አሮጌውን ማስታወቂያ ከስልኬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ቀስ ብላ አነበበችውና «ልጄ፣ ይሄን መንገድ ላይ ባገኘው አንቺ መሆንሽን በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። «በይ ተይው። እሁድ ምን ስትሠሪ ዋልሽ? እሱን ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ጠዋት ጊዮርጊስ አስቀደስኩ። ከዚያ ልጄን ይዤ ሐይቁ ዳር ወረድን፤ ታንኳ የሚቀዝፉትን ቆማ ማየት ትወዳለች። አሣ ገዛሁ፤ ቅርፊቱን ራሴ ነው የማነሳው፣ እማዬ ሽታውን ስለማትወድ ከደጅ ተቀምጬ። ቡና ከጠጣን በኋላ ለሌሊቱ ተረኝነት እንዲያግዘኝ ተኛሁ። ሲስተር ስናገር የተረኛ ፕሮግራሙን ወረቀት ገልብጣ በጀርባው ትጽፍ ነበር። ስጨርስ ወረቀቱን ሰጠችኝና «እንግዲህ ሰው ይችን ያግባት» አለችኝ።

ዳታው ከተመለሰ በኋላ፣ በ2017 መስከረም ላይ ያወጣሁት ማስታወቂያ ከዚያ ወረቀት የተቀዳ ነው። እንዳለ ላስቀምጥላችሁ፦

«35 ዓመቴ ነው፤ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ትዳር ይዤ በፍርድ ቤት ፈትቻለሁ። የ8 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ የምትኖረው ከእኔና ከእናቴ ጋር ነው፤ ይሄ አይለወጥም። ሌሊት ተረኛ የምሆንባቸው ቀናት አሉ፤ በማግስቱ እስከ ቀትር እተኛለሁ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከልጄ ጋር ሐይቁ ዳር እንሄዳለን፤ አሣ ራሴ ነው የምሠራው። ዝምታ አይከብደኝም፤ ግርግር ያለበት ግብዣ ግን ቶሎ ይደክመኛል። ስናደድ ወዲያው አልናገርም፤ አድሬ ነው የምናገረው። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እጾማለሁ። ከባሕር ዳር ለቅቄ መሄድ አልችልም። የምፈልገው ከ35 እስከ 45 ዓመት ያለው፣ ኦርቶዶክስ፣ በአሁኑ ሰዓት ትዳር የሌለው፣ ልጅ ባለበት ቤት መኖር የማይከብደው ሰው ነው። ተጨማሪ ልጅ መውለድ እመኛለሁ። ሊጽፉልኝ ከፈለጉ፣ ያለፈው እሁድ እንዴት እንደዋሉ ይንገሩኝ።»

«ይሄ አይለወጥም» የምትለዋን ያስጨመረችኝ ሲስተር ናት። እኔ ሰው ታባርራለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እውነትም ታባርራለች፤ ሥራዋም እሱ ነው። እናቴን ሌላ ቤት አስቀምጪ የሚል ሰው ከወራት በኋላ ከሚለኝ፣ ሳይጽፍልኝ ቢያልፍ ለሁለታችንም ይሻላል። እናንተም የምትጽፉትን ስታስቡ፣ ለሰው መንገር የሚከብዳችሁን ነገር ፈልጋችሁ ከላይኛው መስመር አስቀምጡት፤ ልጅ ይሁን፣ ሕመም ይሁን፣ የምታስተዳድሩት ቤተሰብ ይሁን፣ ገጠር ያለ ሥራ ይሁን።

ቁመትን አወጣሁት። የምፈልጋቸውን ነገሮች በሁለት ረድፍ ጽፌ ነበር፤ አንዱ ያለዚያ ትዳር የማይሆነው፣ ሌላው ቢሆን ደስ የሚለኝ። ቁመት፣ ዲግሪ፣ መኪና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ወደቁ። ማስታወቂያው ላይ የገባው የመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ነው። «ውሸታም አይጻፍልኝ» የሚሉትንም ሰረዝኩ። ውሸታም ሰው እሱን አንብቦ አይመለስም፤ ጨዋው ግን ገና ሳያውቃችሁ የተከሰሰ ይመስለዋል። ስለ ቁጣዬ የጻፍኳትን መስመር ደግሞ አትናቋት። ሰው አብሮ የሚኖረው ከጸባይ ጋር ነው፤ «ግልጽ ነኝ» ከማለት ስትናደዱ ምን እንደምታደርጉ መጻፍ ብዙ ይናገራል።

መጨረሻዋ ያለችው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ጠቅማኛለች። ማስታወቂያችሁን በጥያቄ ጨርሱ። ማንም ሊመልሳት የሚችል ቀላል ጥያቄ ትሁን፤ ግን ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻ ያነበበ ብቻ ነው የሚያገኛት። «ሰላም ነሽ» ብሎ ብቻ የሚጽፍ አሁንም ነበር፤ ለእሱ በትሕትና «ጥያቄዬን አይተውታል?» ብዬ እመልሳለሁ። አብዛኛው አይመለስም።

ከመለጠፌ በፊት ሲስተር አንድ ነገር አስወጣችኝ፤ የቤተ ክርስቲያኔን ስም። ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ሆናለች ብንልም ዛሬም ሰው በሰው ይተዋወቃል። የትኛው ደብር እንደማስቀድስ የሚያውቅ ሰው እሁድ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ሊጠብቀኝ ይችላል። ስለዚህ ሰፈር፣ የሥራ ቦታ ስም፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ደብር አትጻፉ። ፎቶ ስትሰጡ የቅርብ ጊዜ የሆነ የራሳችሁ ብቻ ይሁን፤ ልጃችሁ የሌለችበት፣ የሥራ ባጅ ያልታየበት፣ ከበስተጀርባው የግቢያችሁ በር የማይለይበት። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያይ አድርጉ፤ በዩዘርኔም ብቻ ይጻፍላችሁ። እኔ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ሌላ ሲም አውጥቻለሁ። ግን ይህንንም እወቁ፦ ቁጥራችሁ ቴሌብር ካለው፣ ብር ሊልክ የሞከረ ሰው የተመዘገባችሁበትን ስም ሊያይ ይችላል። ይህ እናንተንም ይጠቅማል። በኋላ ያገባሁት ሰው የነገረኝ ስምና በቴሌብር የመጣው ስም አንድ መሆኑን እኔም አይቻለሁ።

የሁለተኛው ማስታወቂያ መልስ ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ነበር። አትደንግጡ። ከመጡት ጥቂት መልሶች ውስጥ ግን ተቀምጠው የጻፉ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ እንዲህ አለ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ያለፈው እሁድ ከመስክ ሥራ የተመለስኩበት ስለነበር ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ከሰዓት ደብረ ታቦር ላለው አባቴ ደወልኩ። ጆሮው ስለከበደ ጮክ ብዬ ነው የማወራው፤ ጎረቤቶቼ ወሬያችንን በሙሉ ያውቁታል። 39 ዓመቴ ነው፤ እስካሁን ያላገባሁት ታናናሾቼን ሳስተምር ስለቆየሁ ነው። ልጅዎ ከማታውቀው ሰው ጋር ቶሎ ትለምዳለች ወይስ ጊዜ ትፈልጋለች?»

ይህን መልእክት ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። ስለ መልኬ ሳይሆን ስለ ልጄ ነው የጠየቀኝ፤ ያውም ለእሷ ተጨንቆ። «ጊዜ ትፈልጋለች» ብዬ መለስኩ። «እንግዲያው ጊዜ እንሰጣታለን» አለ።

ቢሆንም የመጀመሪያው ቁስል ስለነበረብኝ አልቸኮልኩም። ማታ እንዲደውል ጠየቅኩት፤ ደወለ። እሁድ ደወልኩለት፤ አነሳ። በቪዲዮ ተያየን፤ ካሜራው ተበላሽቷል አላለም። በሁለተኛው ሳምንት ፊት ለፊት ጠየቅኩት፦ «ሚስት ወይም እጮኛ አለህ? ከእኔ ጋር በማውራትህ የሚያዝን ሰው አለ?» አልተቆጣም። «ጠይቂ፤ መጠየቅ አለብሽ» ነው ያለኝ። የሚቆጣ ቢሆን እዚያው አቆም ነበር። ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አሳየኝ። ወረቀቱ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። በቤተ ክርስቲያንም በባህልም ተጋብቶ ወሳኝ ኩነት ሄዶ ያላስመዘገበ ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ ያደገበትን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ አስጠይቁ። አያሳፍርም፤ ወላጆቻችንም ያለዚህ ልጅ አልሰጡም።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፤ አንድ ሕግ ብቻ ያዙ። በአካል ላላገኛችሁት ሰው ምንም አትላኩ፤ ካርድም፣ የትራንስፖርትም፣ የእናቱ መታከሚያም። ከውጭ አገር ስጦታ ልኬልሽ ጉምሩክ ተይዟል፣ ቀረጥ ክፈዪ የሚለው ለእኔም ደርሶኛል፤ ስጦታም ጉምሩክም የለም። በስልካችሁ የገባ የማረጋገጫ ኮድ ላኩልኝ ካላችሁ አካውንታችሁን ሊወስድ ነው። የገላ ፎቶ የሚጠይቅን ወዲያው ብሎክ አድርጉ። ቀድማችሁ ልካችሁ አሁን የሚያስፈራራችሁ ካለ ደግሞ ብር አትክፈሉ፤ አንዴ የከፈለ ደግሞ ይጠየቃል። መልእክቱን ሳታጠፉ ስክሪንሾት አንስታችሁ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ወደ ፖሊስም ሂዱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በዚህ መንገድ ማስፈራራትን ወንጀል አድርጎታል። ጥፋቱ የእሱ ነው፤ አንገታችሁን አትድፉ።

በአካል የተገናኘነው እሁድ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር ሰው በሚበዛበት ካፌ ነው። ራሴ በያዝኩት ባጃጅ ሄድኩ፤ በራሴ ተመለስኩ። ሲስተር ሌላ ጠረጴዛ ላይ ከባለቤቷ ጋር ተቀምጣ ነበር፤ ይህንን አስቀድሜ ለእሱም ነግሬዋለሁ። ሲወጣ ሄዶ ሰላም አላቸው። ልጄን አልወሰድኳትም። ልጆች ቶሎ ይወዳሉ፤ ነገሩ ባይሆን የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ያገኘችው እኛ ቁርጣችንን ካወቅን በኋላ ነው። መጀመሪያ ቀን አላናገረችውም፤ እሱም አላስገደዳትም። ታንኳ እንዴት እንደሚታሰር ሲጠይቃት ነው አፏን የፈታችው፤ ደንገሉን፣ እሥሩን፣ ሁሉን አስረዳችው።

የጤና ባለሙያ ስለሆንኩ ይህን ሳልል አላልፍም፦ አብራችሁ ተመርመሩ። ኤች አይ ቪ ብቻ ሳይሆን ሄፓታይተስ ቢንም ጨምሩ፤ እሱ ክትባት አለው። የኤች አይ ቪ ምርመራ በቅርብ የተያዘን ሰው ላያሳይ ስለሚችል ከ3 ወር በኋላ ይደገም። እኛ የተመረመርነው ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ነው። ውጤት ይዞ ሽማግሌ ማስቆም እጅግ ከባድ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

ለእማዬ የነገርኳት ነገሩ ከጠና በኋላ ነው። በቴሌግራም ተገናኘን ስላት ደነገጠች። «ኧረ ልጄ! ዘመዱ ሳይታወቅ?» አለች። የእሷ ፍርሃት ስለ ስልኩ አልነበረም፤ ስለ ሰባት ቤት ነበር። ስለዚህ እሱን ቤት ጠራሁትና አጠገቧ ቁጭ ብሎ በአባቱም በእናቱም ወገን እስከ ሰባት ቆጠረላት። ያላወቀውን አባቱ ጋ ደውሎ፣ እንደጻፈልኝ ጮክ ብሎ እየጠየቀ፤ እማዬም ከወዲህ የእኛን እየቆጠረች። ዝምድና አልተገኘም። «የት ተዋወቃችሁ» ሲሉ ለሽማግሌዎቹም እውነቱን ነገርናቸው። አንዱ አባት «ድሮም ሰው በሰው አማካይነት ነው፤ አሁን ስልኩ ሆነ» ብለው አለፉት። እናንተም አትሸሽጉ፤ ከጀርባ ሲሰማ ነው ሐሜት የሚሆነው። ጋብቻችን ከፋሲካ በኋላ ተፈጸመ፤ ወሳኝ ኩነትም አስመዘገብን።

ሰው ስታገኙ ማስታወቂያውን ማንሳት እንዳትረሱ። እኔ አድሚኑ እንዲያጠፋው የጻፍኩት ገና ሽማግሌ ሳይላክ ነው። ማስታወቂያ ከአንድ ቻናል ወደ ሌላው ፎርዋርድ ስለሚደረግ፣ ከጽሑፋችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድታችሁ በቴሌግራም መፈለጊያ ላይ አስገቡ፤ እናንተ ባላችሁባቸው ቻናሎች ውስጥ ከተገኘ ለየአድሚኑ ጻፉ። ሲሙን ከመጣላችሁ በፊት የቴሌግራም አካውንቱን ዝጉ፤ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። መልስ እየጠበቁ ያሉትንም «ሰው አግኝቻለሁ፤ እግዚአብሔር ለእርስዎም ይስጥዎ» ብላችሁ አሰናብቷቸው። እኔ ይህን ከጻፍኩላቸው አንዱ የእኔን ማስታወቂያ አይቶ የራሱን እንደገና ሊጽፍ መሆኑን ነገረኝና ረቂቁን ላከልኝ። «ትሁት» የምትለውን አውጥቶ እሁዱን እንዲጽፍ ነግሬዋለሁ።